ሲስተር ዋጥ እና የቤቷ ሳል

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ስምና ዕድሜ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነኝ ብልስ ማን ይሰማኛል። ሳል ግን አውቃለሁ። ሰው መስኮቴ ላይ ደርሶ ስሙን ከመናገሩ በፊት ይስላል። የጉንፋኑን፣ የሲጋራውን፣ ወረፋ ለመቅደም ሆን ተብሎ የሚሳለውን ሳይቀር ለይቼ አውቀዋለሁ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ጥፋቴ ላይ ስደርስ አልሰማሁም፣ አላወቅኩም ብዬ እንዳላመካኝ ከወዲሁ ልናገር ብዬ ነው።

የማወራችሁ ስለ ሲስተር ዋጥ ነው። የጤና ጣቢያችን የቲቢ ክፍል ነርስ ናት። ክፍሏ ከግቢው ማዶ፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ስለሆነ አሥራ ስድስት ዓመት ስንተያይ ኖረናል። ቅጽል ስሙን ያወጡላት በሽተኞቿ ናቸው። የቲቢ መድኃኒት ለወራት፣ በየቀኑ፣ ነርስ እያየች ነው የሚዋጠው፤ «ቤቴ ወስጄ እውጠዋለሁ» የሚል ሰው እሷ ዘንድ ቦታ የለውም። «ዋጥ» ትላለች። «አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። በል ሂድ፣ ነገ በሰዓትህ።» አንድ ግንበኛ ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አስቁማ፣ «እታች ያስቀመጥከው እንግዳ ማነው? አስተዋውቀን እንጂ» አለችው። ሰውዬው እየሳቀ ዋጠ። ሁለት ቀን የቀረባትን የአውቶቡስ ረዳት ደግሞ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ፣ መኪናው ሞልቶ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆማ አስውጣዋለች ይባላል። ተሳፋሪው በሙሉ አብሮ አፉን ከፈተ እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዱባታል።

ቀልድ የማታውቅበት ነገርም ነበር። የክፍሏ መስኮቶች በብርድም በዝናብም ክፍት ናቸው፤ በሽታው የተዘጋ ቤት ይወዳል ትላለች። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ስንት ሰው አብሮት እንደሚያድር፣ ቤቱ ስንት መስኮት እንዳለው፣ ሕፃን ይኑር አይኑር አንድ በአንድ ታስቆጥረዋለች። የተቆጠረውን ሁሉ በማግስቱ አሰልፎ ካላመጣ እቤቱ ድረስ ሄዳ ትጎትታቸዋለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከአፏ የሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ከእኛ ከጤና ሠራተኞች ዘንድ አንድ ወግ አለ። የእኛ ቤት ሰው ካርድ አያወጣም። እናት ታመመች ሲባል ልጅ እቤት ትለካለች፣ ታዳምጣለች፣ ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ትደውላለች፣ አለቀ። ወረፋ የለ፣ መዝገብ የለ። እኔ ራሴ የሚስቴን ደም ግፊት በእግረ መንገዴ ነርሶቹን እየለመንኩ አስለካለሁ እንጂ በስሟ አንዲት ወረቀት ከፍቼ አላውቅም። እንደ ጥቅም ነው የምናየው። የሌላውን በሽተኛ ሦስት አራት ሰው ያየዋል፤ አንዱ ቢስት ሌላው ያርመዋል። የእኛን ሰው የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የሚወደው ሰው። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም።

ሲስተር ዋጥ የምትኖረው ከእናቷ፣ ከሴት ልጇና ከልጅ ልጇ ጋር ነበር። አማቿ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ልጅቷ ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ በዚያው ቀረች። ሕፃኑ ስምንት ወሩ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ፊቱን ቋጥሮ ሰው ስለሚያይ «ሻለቃው» ይሉታል። ስለ እሱ ያላወራችልኝ ቀን የለም። ሻለቃው ዛሬ ተቀመጠ፣ ሻለቃው ዛሬ መነጽሬን ነጠቀኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የማውቃት ኮስታራ ሴት በአንድ ጨቅላ ቅቤ ሆና ቀለጠች። ልጅቷ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነች ቀን ቀን የሚይዙት ቅድመ አያቱ ናቸው። ትልቋ እማማ ነው የምንላቸው። ሁለቱ የሚውሉበት የጓዳው ክፍል ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሎበታል። ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት፤ ሻለቃው ብርድ እንዳይመታው ብላ።

አንድ ቀን ትልቋ እማማ ልጃቸው የረሳችውን ቁልፍ ይዘው፣ ሕፃኑን አዝለው መጡ። መስኮቴ ጋ ቆመው ሰላም ሳይሉኝ ሳል ያዛቸው። መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ቀጥሎ ከሥር፣ ከሆድ ዕቃ የሚመጣ ሆነ። ጎናቸውን ይዘው አጎነበሱ። ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ ከሳሉ ጋር ይነቀነቃል፣ ጨዋታ መስሎት ይስቃል። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ቆየ?»

«ኧረ ልጄ፣ ወር ከምናምን ሆነው። ልጄ መድኃኒት ሰጥታኝ ለቀቅ አርጎኝ ነበር፤ ተመልሶ መጣ። የሳሉስ ደግ፣ ያስቸገረኝ የሌሊቱ ላብ ነው። የምቀይረው ልብስ አለቀ።»

ሳል፣ ላብ፣ ክሳት። ክፍሏ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ ፊደል ያልቆጠረ እንኳ ሥዕሉን አይቶ ያውቀዋል።

በምሳ ሰዓት የላቦራቶሪ ልጆች በተቀመጡበት አገኘኋትና፣ «ሰማሽ፣ የእማማን አክታ ለምን አታስመረምሪም?» አልኳት። ጥፋቴ አንዱ ይኸው ነው፤ ለብቻዋ አድርጌ መናገር ነበረብኝ።

«ብርድ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጠንከር ያለውን የሳንባ ምች መድኃኒት ሰጥቻት ተሽሏት ነበር። ሁለተኛውን ዙር ጀምሬላታለሁ።»

«እሱማ ጥሩ፤ ግን አክታ ቢታይ...»

«ጋሼ ካርድ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው? ካርድህን ቁጠር።»

ልጆቹ ሳቁ። እሺ፣ የራስሽ ጉዳይ አልኩ በሆዴ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ።

ዝምታዬ ሦስት ሳምንት ቆየ። ጠዋት ጠዋት ስታልፍ ሰላም እላታለሁ፣ የሚባለውን ግን አልልም። አንደኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ኩርፊያው ለቆኝ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። የሚያስል ሰው መስኮቴ ላይ በመጣ ቁጥር ያ ጀርባ ላይ የሚስቀው ሕፃን ይታየኛል። ተነስቼ ግቢውን አጋምሳለሁ፤ ደግሞ «ካርድህን ቁጠር» ያለችው ትዝ ይለኝና እመለሳለሁ። እሷም መክሳት ጀምራ ነበር። ስለ ሻለቃው ማውራት ቀነሰች። አንዴ ብቻ «ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ፣ ያተኩሰዋል» አለችኝ። አሜን እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ ይህን ነው የሠራሁት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሕፃኑን አቅፋ እየሮጠች ገባች፤ ሲስተር ዋጥ ከኋላዋ። ለወረፋው ማንም ምንም አላለም። ሕፃኑ እንደ እርጥብ ፎጣ ክንዷ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ሰው ግን አያይም። ስሙን ሳልጠይቅ ካርድ ጻፍኩና መስኮቴን ዘግቼ አብሬያቸው ገባሁ። እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ተረኛው ወጣት ዶክተር ነበር። ሲስተር ዋጥ ሥራ ያለማመደችው ልጅ ነው፤ ያከብራታል፣ ይፈራታልም። ሕፃኑን አስተኝቶ አናቱን፣ እርግብግቢቱን ዳሰሰ። የሚዳሰሰው እንደ ሁልጊዜው ገባ ያለ አልነበረም፤ አብጦ ወጥሯል። አንገቱን ሊያጥፍ ሞከረ፤ አልታጠፈም። «ስንት ቀኑ ነው?» አለ። ልጅቷ፣ «ትኩሳቱ አሥራ አንድ ቀን። ማስመለስ ከጀመረው አራት። እማ የጥርስ ነው ብላ...» አለችና አቋረጠች። ሲስተር ዋጥ ፈጠን ብላ የቲቢ ክትባቱን ጠባሳ ክንዱ ላይ አሳየች። ክትባቱ ሁሉንም ልጅ እንደማያድን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በግቢው አልነበረም።

ዶክተሩ ቀና ብሎ፣ «ሲስተር፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» አላት።

ይህን ጥያቄ አሥራ ስድስት ዓመት ስትጠይቀው የኖረችው እሷ ናት። አሁን አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። የሕፃኑን እግር ይዛለች። ልጅቷ እናቷን ታያለች።

«የለም» አለች።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ዶክተሩ «እሺ» ብሎ ሊጽፍ አጎነበሰ። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አይደለሁም፤ ወረቀት ያመጣሁ ሰው ነኝ። «አለ» አልኩ። «ቅድመ አያቱ ያስላሉ። ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ሌሊት ያልባቸዋል፣ ከስተዋል። ሕፃኑን ቀን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።»

ልጅቷ «እማ?» አለች። ሲስተር ዋጥ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ዶክተሩ ብልህ ነበር፤ ለወቀሳ ጊዜ አልሰጠም። «የቲቢው ተህዋስ ከሳንባ አልፎ የአንጎል ሽፋን ውስጥ ሳይገባ አልቀረም» አለ። «እንደሱ ከሆነ በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ማረጋገጫ አይጠበቅም፣ ዛሬውኑ መድኃኒት መጀመር አለበት።» ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈ፤ አምቡላንስ ተጠራ። ከዚያ ለሲስተር ዋጥ ቀስ ብሎ፣ «ለእናትሽ የሰጠሻቸው የትኛውን መድኃኒት ነው?» አላት። ስሙን ነገረችው። ዓይኑን ጨፈነ። ኋላ እንደገባኝ ያ መድኃኒት ቲቢን ያደነዝዘዋል እንጂ አይገድለውም። ለሳምንት ሳሉን ዝም አሰኝቶ ሰውን ያዘናጋል። ይህንንም ታውቅ ነበር፤ ለጀማሪ ነርሶች ስታስተምር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አምቡላንሱ ልጅቷንና ሕፃኑን ይዞ ወጣ። ልጅቷ «አንቺ ቅሪ» አለቻት። ሲስተር ዋጥ በሽተኞቿ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። መሬት መሬቱን እያየች፣ «መጀመሪያውኑ ጠርጥሬያለሁ» አለች። «እናቴ ከተመረመረችና ከተገኘባት ልጄ ሕፃኑን ይዛ ትሄዳለች። ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው እያልኩ... ሳምንት በሳምንት ላይ...» አንጀቴን በላችው። ልቆጣትም አልቻልኩ፣ ላጽናናትም አልቻልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ለተጨነቀ ሰው ግን ተረት አይነገርም።

ትልቋን እማማን እኔ ሄጄ አመጣኋቸው። አክታቸው ተወስዶ ማሽን ውስጥ ገባ። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በሽታው መኖሩንም፣ ዋናውን መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም አንድ ላይ ነው የሚናገረው። የተላመደ ከሆነ የሕፃኑም መድኃኒት አይሠራም ማለት ነው። ከውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ሥር አፋቸውን በማስክ ሸፍነን አስቀመጥናቸው። ሲስተር ዋጥ ከላቦራቶሪው በር ወደ ክፍሏ፣ ከክፍሏ ወደ በሩ ትመላለሳለች። በመሃል በሽተኛ ሲመጣ ክኒኑን ቆጥራ ታስውጣለች፤ አንዱን ክኒን ሁለቴ ጣለችው።

እማማ እጄን ይዘው፣ «ልጁን ያሳመምኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ምን በወጣዎት።»

«አትዋሸኝ ልጄ። እኔ እኮ ሳልኩበት። እያባበልኩት፣ እየሳምኩት ነው የሳልኩበት።»

የውኃ ጠርሙሳቸውን ከፈትኩላቸውና ጎናቸው ተቀመጥኩ።

ውጤቱ ወጣ። ቲቢ አለ። የተላመደ አይደለም። የላቦራቶሪው ልጅ ወረቀቱን ሲሰጣት ሲስተር ዋጥ «ተመስገን» ብላ በሩ መቃን ላይ ግንባሯን አሳረፈች። እናትሽ ታማለች ተብላ የምታመሰግን ሴት ያየሁት ያን ቀን ነው። ወዲያው ገብታ የእናቷን ስም በገዛ መዝገቧ ላይ ጻፈች። «አብረው የሚኖሩ» በሚለው ረድፍ ላይ የራሷን፣ የልጇንና የሕፃኑን ስም አከታትላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። እሷና ልጅቷ ተመርምረው ነጻ ሆኑ።

ከዚያ የመጠበቁ ነገር መጣ። ከሕፃኑ አከርካሪ ውኃ ቀድተው መድኃኒቱን ያንኑ ዕለት ጀምረውለታል። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት። ልጅቷ የእናቷን ስልክ አታነሳም። ለእኔ ግን ታነሳለች፤ ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ። ሲስተር ዋጥ መስኮቴ ጋ መጥታ ትቆማለች። አታናግረኝም፣ ፊቴን ብቻ ታያለች። «እንደዚያው ነው» እላለሁ፤ ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ራሱን ሳተ ተባለ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። በአምስተኛው ቀን መደወሉን ፈርቼ እስከ ረፋድ አቆየሁት። በስድስተኛው ቀን ራሷ ልጅቷ ደወለች፤ ታለቅሳለች። «አለቀሰ ጋሼ፣ በድምፁ አለቀሰ። ጡት ያዘ» አለችኝ። ቀና ስል ሲስተር ዋጥ መስኮቱ ላይ ናት። «ጠባ» አልኳት። መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ እንደቆመች ቀረች፤ ወረፋው ላይ ያሉት ሰዎች በሽተኛ መስላቸው ወንበር አመጡላት።

ሕፃኑ ሆስፒታል አምስት ሳምንት ተኝቶ ወጣ። ያያል፣ ይሰማል፣ ፊቱን ይቋጥራል። ግራ እጁ ግን እንደ ቀኙ አይጨብጥም፤ በጊዜ ይስተካከል ይሆናል፣ ላይስተካከልም ይችላል ብለዋል። ልጅቷ እናቷ ቤት አልተመለሰችም። ከከተማው ማዶ፣ የባሏ ዘመዶች ዘንድ ገባች። እኔ እንደ ሽማግሌ ሆኜ ላግባባ ብሞክር፣ «ጋሼ፣ የአያቴን መታመም አይደለም የተቀየምኩት። እሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርሮ፣ እግሩን ይዛ ‹የለም› አለች» አለችኝ።

ትልቋ እማማ ተሽሏቸዋል። በየቀኑ ጠዋት ልጃቸው ፊት መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፤ ሳይጠየቁ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን ያነሳሉ። ሲስተር ዋጥ ግን አታይም። ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ «በቃ እማዬ፣ ዝጊው» ትላቸዋለች።

የሕፃኑ ሕክምና አንድ ዓመት ነው። መድኃኒቱ የሚለካው በክብደቱ ስለሆነ በየወሩ መመዘን አለበት። ልጅቷ ቅርቧ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ትችል ነበር። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት መስኮቴ ላይ ቆማ ሳያት ደነገጥኩ። «ከእሷ የተሻለ የሚያውቀው የለም» አለችኝ፣ ሌላ ቦታ እያየች። እንግዲህ ሲስተር ዋጥ የልጅ ልጇን የምታየው በወር አንዴ፣ በቀጠሮ ነው።

ባለፈው ወር ካርዱን ይዤ ስገባ ልብሱን አውልቃ ልትመዝነው ስታነሳው ደረስኩ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ። ጻፈች። ከዚያ አነሳችውና ይዛው ቆመች። አልሳመችውም። ትንፋሿ እንዳይደርስበት ይመስል ፊቷን ወደ ክፍቱ መስኮት አዙራ፣ ደካማዋን ግራ እጁን በአውራ ጣቷ አሻሸች። ውጭ ወረፋው አጉረመረመ፤ አንዱ በሩን ቆረቆረ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ «ምን አስቸኮላችሁ፣ እየተመዘነ ነው» አልኩ።

ልጅቷ የእናቷን ጀርባ ታያለች። ጥቂት ታገሠች። ከዚያ «እማ፣ በቃ» አለች።

ሰጠቻት። ልጅቷ ልብሱን አለበሰችው፣ መድኃኒቱን ተቀበለች፣ እኔም የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮ ካርዱ ላይ ጻፍኩላት።